እንሂድ ወይስ እንቅር?

እዚህ በበቆጂ ባልና ሚስት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነጋገሩበት አንድ ጉዳይ አለ። በአንዳንዱ ቤት ጭራሽ አይነጋገሩበትም፤ እሱም በልቡ እሷም በልቧ ይዘውት ያድራሉ። ጉዳዩ «ከዚህ እንውጣ ወይስ እንቅር?» የሚለው ነው። መውጣት ሲባል ለአንዱ አሰላ ወይም አዳማ ነው፤ ለብዙው አዲስ አበባ ነው፤ ለሌላው ደግሞ አረብ አገር ነው። የትም ይሁን የት፣ ተወልደው ያደጉበትን ቀዬ፣ የተጠመቁበትን ጸሎት ቤት፣ ብዙ ጊዜም ክልሉን ራሱን ለቅቆ መሄድ ነው።

ባለቤቴ መጋቢ በመሆኑ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ወደ ቤታችን ይመጣል። ሻይ ተጠጥቶ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ተወርቶ ሲያበቃ «መጋቢ፣ አንድ ነገር እንድትጸልዩልን ነበር» ይባላል። እኔም ሻዩን ቀድቼ አልሄድም፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የማንንም ቤት ገበና እዚህ አላወጣም። ከሰማሁት የተማርኩትን ግን በተለይ በትዳር ላላችሁ ማካፈል እወዳለሁ።

ሯጮቿ የወጡባት ከተማ

በቆጂን ለማታውቁ፤ ከአሰላ በስተ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሳጉሬን አልፈው የሚያገኟት፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ናት። አገሩ የገብስ፣ የስንዴና የድንች አገር ነው። የአርሲ ገብስ በአሰላው የብቅል ፋብሪካ አልፎ የት እንደሚደርስ ስለምናውቅ እኛ አማኞች በገብሳችን ስንኩራራ ድምፃችንን ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን። በሯጮቻችን ግን ማንም ዝቅ አያደርግም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ በኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም በአትላንታ ማራቶኑን አሸነፈች። በ2000 ዓ.ም በቤይጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 4 ወርቆች በሙሉ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ፤ ሁለቱም የዚሁ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው።

ታዲያ የ12 ዓመት ልጅ ከዚህ ታሪክ ምን ይማራል? ሁሉም ሄደዋል። ጥሩነሽ ገና በልጅነቷ ነው ወደ አዲስ አበባ የሄደችው፤ ታላቅ እህቷ እጅጋየሁ ቀድማት ሄዳ ነበር። ስለዚህ ልጁ ሰው የሚሆነው የወጣ ነው ብሎ ይደመድማል። አባቱም እንደዚያው ያስባል፤ ምንም እንኳ እግሩ ለሩጫ ባይሆንም። ክለብ ለመግባት ወጥተው በዝምታ የተመለሱትን፣ ወይም መመለስ አፍረው እዚያው የቀሩትን ማንም አይቆጥራቸውም። በእነርሱ ስም የተሰየመ አደባባይ የለም።

ደግሞ ሌላ የማይቆጠር ነገር አለ። እነዚህን ልጆች መጀመሪያ ያሠለጠኗቸው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ሸኝተው እርሳቸው ግን ለአሥርታት እዚሁ በቆጂ ቆዩ፤ በየማለዳው ሌሎች ልጆችን ይዘው ወደ ሜዳ ወጡ። ከተማዋ የምትታወቀው በሄዱት ነው፤ የሄዱት የተገኙት ግን አንድ ሰው ስላልሄደ ነው። በየቤታችሁ ስትመክሩ ሁለቱንም ዓይነት ሰው አስቡ።

ዛሬ ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሯጮች ብቻ አይደሉም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመላው አገሪቱ ማለፊያ ነጥብ ያገኘው ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበር፤ የ2015ቱም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ቢሻሻልም ያላለፈው ወጣት አሁንም ብዙ ነው። የአባቱ መሬት ደግሞ ለአራት ወንድማማቾች ተከፋፍሎ ለአንዱም የሚበቃ አይደለም። ልጅቱ ስለ ፓስፖርት ማሰብ ትጀምራለች። ደመወዝተኛው ባልና ሚስት ወር ሳይጋመስ ኪሳቸው ባዶ ይሆናል። ይህን ሁሉ «እምነት ማጣት» ብሎ የሚገሥጽ ሰባኪ እቤቱ ጎተራው ሙሉ መሆን አለበት።

ግብፅ ለአንዱ አዎን፣ ለሌላው አይደለም

መጽሐፍ ቅዱስን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ወጥ መልስ ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ይቸገራል። እስቲ አንድ አገር ብቻ፣ ግብፅን እንውሰድ። አብርሃም ረሃብ ሲጸና ወደ ግብፅ ወረደ (ዘፍ. 12፥10-20)፤ ከመውረዱ በፊት እግዚአብሔርን እንደ ጠየቀ አልተጻፈም። ልጁ ይስሐቅ እንደዚያው ያለ ረሃብ ሲመጣበት ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ተነገረው፤ በጌራራ ቀርቶ ዘራ፣ በዚያው ዓመት መቶ እጥፍ አገኘ (ዘፍ. 26፥1-12)። የልጅ ልጁ ያዕቆብ ደግሞ በስተርጅናው በቤርሳቤህ ቆሞ ሲሠዋ፣ መውረድን እንዳይፈራ፣ እግዚአብሔርም አብሮት እንደሚወርድ ተነገረው (ዘፍ. 46፥1-4)። ከብዙ ዘመን በኋላ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደዚያው ግብፅ እንዲሸሽ ታዘዘ (ማቴ. 2፥13-15)።

አገሩ ያው ነው። ለይስሐቅ አትውረድ የተባለበት አገር ለያዕቆብ ውረድ ተባለበት። እንግዲህ አንዱ ወንድም አዲስ አበባ ሄዶ ስለ ተባረከ ለእናንተም መንገዱ ተከፍቷል ማለት አይደለም፤ ሌላዋ እህት ሄዳ ስለ ተጎዳችም ተዘግቷል ማለት አይደለም። ወንጌላውያን መድረክ ላይ አቤሜሌክን መምታት ይወዳሉ፤ ቤተ ልሔምን ትቶ ሞዓብ ስለ ሄደ ሞተ ይላሉ። የሩትን መጽሐፍ ደግማችሁ አንብቡት። እንደሞተ ይናገራል፤ በመሄዱ ምክንያት ተቀጥቶ እንደሞተ ግን አይናገርም። ያልተጻፈውን በሰው ትከሻ ላይ አንጫን።

በአብርሃም ታሪክ ላይ ግን ትንሽ እንድትቆሙ እለምናለሁ። ለሕይወቱ ፈርቶ ሚስቱን እህቴ ናት በይ አላት። የመንገዱን ዋጋ የከፈለችው ሣራ ናት፤ ፈርዖን ቤት የተወሰደችው እርሷ ናት። በጎቹና በሬዎቹ፣ ግመሎቹም ለእርሱ ተሰጡ። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሣራ አንድም ቃል ስትናገር አንሰማም። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር፣ ባልየው ብቻ እየተናገረ ሚስት አንገቷን ደፍታ ሳሎናችን የተቀመጠችበት ስንት ቀን እንደ ነበረ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴን ቀስ ብዬ በዓይኔ እጠቁመዋለሁ፤ እሱም ይገባዋል። «እህታችንስ ምን ትያለሽ?» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ውይይት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ሻንጣ ታስሮ የሚቀርብ ጥያቄ

ኤርምያስ 42ን አብራችሁ እንድታነቡ አደራ እላለሁ። ገዢው ጎዶልያስ ተገድሏል፤ ሕዝቡ የባቢሎናውያንን በቀል ፈርቷል፤ ፍርሃቱም የውሸት አልነበረም። ወደ ኤርምያስ መጥተው ጸልይልን፣ እግዚአብሔር የሚለውን ሁሉ መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን እንፈጽማለን ብለው ማሉ። ምን ያለ መልካም ጥያቄ ነው! ነገር ግን ምዕራፍ 41ን መጨረሻውን ካያችሁ፣ ይህን ሲጠይቁ ወደ ግብፅ የሚወስደውን መንገድ ጀምረው በቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍረው ነበር። ጓዙ ተጭኗል። መልሱ ከ10 ቀን በኋላ መጣ፤ ቅሩ የሚል ነበር። እነርሱም ነቢዩን ውሸታም ነህ አሉት።

አንድ ባልና ሚስት (አስፈቅጄያቸው ነው የምጽፈው) «የጌታን ፈቃድ እየጠየቅን ነው» ብለው መጡ። እርሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እርሷ ትንሽ ሱቅ አላት። ባለቤቴ «ጌታ ቅሩ ቢላችሁስ?» አላቸው። ወንድም ዝም አለ። ቆይቶ አዲስ አበባ ዳር ላይ ለተከራየው ቤት ቀብድ መክፈሉን ተናገረ። እህታችን ያን ያወቀችው እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነው። ብሩ ደግሞ ከሱቁ ዕቃ መግዣ የወጣ ነበር። ያን ዕለት ስለ ቦታ አልጸለይንም፤ ስለ ሁለቱ ነው የጸለይነው። ቀብዱ ቀለጠ። ስምንት ወር ቆይተው በመጨረሻ ሄዱ፤ በሐምሌ፣ የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሱቁን ራሷ ሸጣ፣ ቤቱን ራሷ አይታ። አሁን እዚያ ናቸው፤ ኑሮው ቀሎላቸዋል ብዬ ግን አልዋሻችሁም።

እንግዲህ ጸሎታችሁን በዚህ ፈትኑት፤ «አይሆንም» የሚለውን መልስ ለመስማት አሁን ዝግጁ ናችሁ? ሥራ ከለቀቃችሁ፣ ቀብድ ከከፈላችሁ፣ ለዘመድ ሁሉ ካወራችሁ በኋላ የምትጠይቁት ጥያቄ ምርቃት ፍለጋ ነው።

በዚሁ ላይ ስለ ትንቢት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ቪዛ ይታየኛል፣ አውሮፕላን ይታየኛል» የሚል ቃል በየጉባኤው በዝቷል። ጌታ እንደሚናገር አምናለሁ፤ በቤታችንም ተናግሮናል። ነገር ግን ሁልጊዜ ቪዛ ብቻ የሚታየው፣ አንድም ቀን «በሬህን ጠምደህ እርሻህን ቀጥል» የሚል ቃል የማይመጣለት አገልጋይ ሲያጋጥማችሁ ኤርምያስን አስቡ። ከእግዚአብሔር ነኝ ያለው ነቢይ ሕዝቡ ሊሰማ የማይወደውን ነበር የተናገረው።

አንዱ ሄዶ አንዱ ሲቀር

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወንዶቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱ፣ ከአርሲና ከወሎ ብዙ ሴቶች ወደ አረብ አገር ይሄዳሉ። ያላገቡት ብቻ አይደሉም፤ ልጅ ያላቸው እናቶችም ይሄዳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እዚያ ያለችው እህት ያንኑ ሪያል ስትልክ እዚህ የሚደርሰው ብር በዛ፤ ኑሮውም ተወደደ። ስለዚህ ጎረቤት ቤት ቆርቆሮው ሲቀየር ያየ ባል ሚስቱን ቀና ብሎ ያያታል።

ጥቅሙን አልክድም። በዚህ ብር ወንድም ተምሯል፣ እናት ታክማለች፣ ቤት ተሠርቷል፤ ጸሎት ቤቶቻችን ውስጥ ያለው ወንበርና ድምፅ ማጉያ ሳይቀር የእነዚህ እህቶች ላብ አለበት። ግን በ2006 ዓ.ም ኅዳር ላይ ሳውዲ ዓረቢያ ሰነድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር። አንዳንዶቹ የላኩት ብር የት እንደ ገባ ለማወቅ ነው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፤ ቤቱ በወንድም ስም ተሠርቷል፣ ወይም ጭራሽ አልተሠራም፤ ወይም ተሠርቶ ሌላ ሴት ገብታበታለች።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮ. 7፥5 ላይ ባልና ሚስት ተለያይተው ስለሚቆዩበት ሁኔታ ሲናገር ሦስት ነገር ያነሣል፤ በስምምነት ይሁን፣ ለጊዜው ይሁን፣ ደግሞም አብራችሁ ሁኑ ይላል። ያውም እርሱ የሚያወራው ለጸሎት ስለሚሆን መለያየት ነው! ለጸሎት እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ ለቆርቆሮ ምን ያህል ያስፈልግ? የሥራ ውሉ ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። ግን ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። እናቱን በኢሞ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አክስቱን «እማዬ» ይላል፤ እናቲቱ ስትመጣ ደግሞ ከኋላዋ ይደበቃል። ይህን ያየች እናት በሦስተኛው ወር ተመልሳ ትሄዳለች፤ እዚያ ቢያንስ ሥራዋን ታውቀዋለች።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከሁለት አንዱ ብቻ የሚሄድበት መንገድ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን እላለሁ። ይህ ቀኖና አይደለም፣ ምክሬ ነው። የግድ ከሆነ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የመመለሻውን ወር በወረቀት ጻፉት፤ ብሩ ምን ሲሠራ በቃ እንደምትሉም ጻፉት፤ «ትንሽ ስናገኝ» የሚባል መጠን የለም። የባንክ ሒሳቡ በሁለታችሁም ስም ይሁን። የሚቀረው ወገን ብቻውን እንዳይከርም ከሽማግሌዎች ወይም ከቤት ለቤት ሕብረታችሁ በየሳምንቱ የሚጎበኘው ሰው ስም ይታወቅ። መንገዱም ሕጋዊ ይሁን። መንግሥት በ2006 ዓ.ም ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም እገዳው ሲነሣ በፈቃድ የሚሠሩ ኤጀንሲዎች ናቸው እንዲልኩ የተፈቀደላቸው። የመግቢያ ቪዛውና የአውሮፕላን ቲኬቱ በሕጉ የአሠሪው ወጪ ነው። ለቪዛ ብር አምጪ የሚላችሁ ደላላ ቢጸልይም፣ ዘመድም ቢሆን ደላላ ነው።

ወጪውን መተመን

ሁላችሁም አብራችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነስ? ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው የተናገረውን አስቡ (ሉቃ. 14፥28)፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቆጥራል። እናንተም ቆማችሁ አትቁጠሩ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ቤት ኪራይ ቀድሞ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት ያላነሰ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብም ያዛል፤ ስለዚህ አከራዩ በስድስት ወር ውጡ ቢላችሁ ወይም ኪራዩን እንደፈለገ ቢጨምር የምትሉት አላችሁ። ውሉን በጽሑፍ ካልያዛችሁ ግን ምንም የላችሁም። ልጆቻችሁ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የተማሩ ከሆነ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲገቡ አንድ ሁለት ዓመት ይንገዳገዳሉ። አፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የት እንዳሉ ጠይቁ። የትምህርት ቤቱን ነገር ቤት ከያዙ በኋላ የሚያስታውሱ ወላጆች ብዙ ናቸው።

መሬት ላላችሁ ደግሞ፤ በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። ስለዚህ «ሸጠን እንሄዳለን» የሚለው ሂሳብ ለቤቱ እንጂ ለእርሻው አይሠራም። ለማከራየትም ገደብ ስላለው ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። በክልላችን ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም ነው የሚወጣው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ የመሬት ቢሮው እንኳ ያለ ሚስት ፊርማ አልንቀሳቀስም ሲል፣ ቤተ ሰቡን ሁሉ ነቅሎ ለሚወስድ ውሳኔ የባል ቃል ብቻ ይበቃል የምንል ክርስቲያኖች አለን።

ዕድሩንም ቁጠሩት። ለሃያ ዓመት ሬሳ የቀበራችሁበት፣ ድንኳን የተከላችሁበት ዕድር አብሯችሁ አይሄድም። እዚያ አዲስ ገቢ ናችሁ፤ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ደግሞም ማንም አያውቃችሁም። ያረጁ ወላጆች ካሏችሁ ውኃ የሚቀዳላቸው ማን ነው? በሌላ በኩል ደግሞ መቅረትም ወጪ አለው፤ እሱንም በዚያው ወረቀት ላይ በሌላው ወገን ጻፉት። ሕመምተኛ ልጅ ይዞ ከአሰላ አልፎ በየወሩ ሆስፒታል የሚመላለስ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ለእነርሱ መቅረቱ ነው የከበደው።

ፍርሃት ለያዛችሁ

በሹክሹክታ የሚነገረውን ምክንያት አልፌው ብሄድ እንዳታለልኳችሁ እቆጥረዋለሁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በአርሲና በሌሎችም የኦሮሚያ ከተሞች የሆነውን እናውቃለን። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ 123 ሰዎች እንደ ሞቱ ተገልጿል፤ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል፣ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህም በዞናችን አንዳንድ ወረዳዎች ሰው በእምነቱና በማንነቱ ምክንያት ተገድሏል፤ ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ያለቀስነውም አብረን ነው። በዚያው ቀን ጎረቤቱን ቤቱ ደብቆ ያተረፈ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ ይህም ይነገር።

በሌሊት ለመሸሽ የተገደደ ሰው የዮሴፍን መንገድ ነው የሄደው። ጌታ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን በአንዱ ከተማ ሲያሳድዷቸው ወደ ሌላው እንዲሸሹ ነግሯቸዋል (ማቴ. 10፥23)። በሐዋርያት ሥራ 8 የተበተኑት አማኞች በየሄዱበት ወንጌልን ሰበኩ፤ በስደታቸው ማንም አልወቀሳቸውም። ስለዚህ ልጆቿን ይዛ የወጣችን እናት «እምነትሽ የት ሄደ?» የሚል ሰው አፉን ቢይዝ ይሻለዋል።

አንዳንዶች ቄስ ጉዲና ቱምሳን ይጠቅሳሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ክብር ናቸው። እኔ ግን እርሳቸውን በጠቀስን ቁጥር ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ይጠቀሱ እላለሁ። እርሳቸው ያን ዕለት አብረው ተይዘው፣ ቆየት ብሎም 10 ዓመት ያህል እስር ቤት ማቅቀዋል፤ ተሠቃይተዋል። በሰው ቤት የመቅረት ውሳኔ ሲወደስ፣ እቤት ውስጥ ሌላ ሰው ያንኑ ውሳኔ በሥጋው እንደሚሸከመው እኛ የአገልጋይ ሚስቶች እናውቃለን። በዚያው ዘመን በሱዳን በኩል የወጡ ወገኖችም ነበሩ፤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ላሉት የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት መሠረት ከጣሉት መካከል እነርሱ ይገኛሉ። መቅረትን በሌላው ትከሻ ላይ የምታስቀምጡት ከሆነ መጀመሪያ ራሳችሁ ቅሩ።

ፍርሃት ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ደጃችሁ የቆመ አደጋ አለ፤ ከስልክ የሚወርድ ወሬም አለ። ፌስቡክ ላይ ያያችሁትን ከወረዳችሁ ሽማግሌዎች፣ ከጎረቤታችሁ፣ መንገዱን በየቀኑ ከሚመላለሱት ሾፌሮች ጋር አስተያዩት። የልባችሁን ድካም ለትዳር ጓደኛችሁ ተናገሩ። አንድ እህት ለሦስት ዓመት ልብሷን ሳታወልቅ ታድር እንደ ነበር ባሏ ያወቀው እኛ ዘንድ ሲመጡ ነው።

ለሽማግሌዎችና ለመጋቢዎች

ምዕመን ሲሄድ አሥራትም ይሄዳል፤ ኳየሩ ድምፅ ያጣል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ይጎድላል። ይህ ያሳዝነናል፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ግን ሐዘናችንን በእግዚአብሔር ፈቃድ ስም አናውራው። «ሸክም ካለህ አትሄድም» ብለን ወንድምን ስናስፈራራ፣ ያ ወንድም በሌሊት ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚያመልክ አናውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ የትም ሳይታቀፉ ዓመታት ያለፏቸው የእኛ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ኤርምያስ ቅሩ ብሎ፣ ተሰድቦ፣ ቃሉም ተጥሎ እያለ ሕዝቡ ሲሄድ እርሱም ከእነርሱ ጋር ተወስዶ ግብፅ ገባ (ኤር. 43፥6-7)፤ እዚያም ሆኖ ማስተማሩን አላቆመም። በእኛ ጸሎት ቤት ከዚህ በመነሣት አንድ ሥርዓት ይዘናል። የሚሄድ ቤተሰብ የመሸኛ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ የባልም የሚስትም ስም በአንዱ ደብዳቤ ላይ ይሰፍራል፤ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ሁለቱም ቀርበው በየግላቸው ይጠየቃሉ። እሑድ በጉባኤ ፊት ይጸለይላቸዋል። በሄዱበት ሰፈር ያለው ጸሎት ቤት መጋቢ ስልክ አስቀድሞ ይፈለጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ከዚህ ተደውሎ ደረሱ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ለሚቀሩት ደግሞ፣ ማለትም መክረውና ጸልየው ላለመሄድ ለወሰኑት፣ ደብዳቤ የሚጻፍላቸው ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንዲት እህት «እኛም እኮ ወስነናል፤ ለምን አይጸለይልንም?» አለች። ልክ ነበረች። አሁን ለእነርሱም በዚያው እሑድ፣ በዚያው መድረክ ላይ ይጸለያል፤ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው፣ ወደ ድንቹ ማሳ ይመለሳሉ።